ለአዋሽ ሸለቆ መንገድ የሚበቃ የመኪና መድን

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



አንድ ደመወዝተኛ ከብዙ ዓመት ቁጠባ፣ ከዕቁብና ከብድር በኋላ የመጀመሪያ መኪናውን ሲገዛ ሊብሬው በስሙ እስኪዛወር ድረስ የሚያስበው ስለ ዋጋው፣ ስለ ሞተሩና ስለ ጎማው ነው። ኢንሹራንስ የሚታወሰው በመጨረሻ፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ተሟጦ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ለመድን ድርጅቱ ሠራተኛ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም «ርካሹ ስንት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም። ከደመወዙ ላይ ቆጥሮ የሚኖር ሰው ዋጋ መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ በፊት ሌላ መቅደም ያለበት ጥያቄ አለ፤ እርሱም መኪናው የሚውለው በየትኛው መንገድ ላይ ነው የሚለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት ለሚመላለስ መኪና የሚበቃ ውል፣ በአዋሽና በሰመራ መካከል ለሚመላለሰው መኪና የሚበቃ ላይሆን ይችላል።

በዚህ ሸለቆ የሚሠሩ አባላት መንገዱን ያውቁታል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በጭሮ በኩል ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ሲያቀና፣ ሁለተኛው የወንዙን ሸለቆ ተከትሎ በገዋኔና በሚሌ አልፎ ወደ ሎጊያና ሰመራ፣ ከዚያም በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ይዘልቃል። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚጓጓዘው በዚሁ መስመር ስለሆነ ትንሿ የቤት መኪና ቀንና ሌሊት የምትጓዘው በከባድ መኪናና በተሳቢ መካከል ነው። በጨለማ መብራት ሳያበራ ዳር ላይ የቆመ ተሳቢ፣ ከቁጥቋጦ ውስጥ ድንገት ወጥቶ አስፋልቱን የሚያቋርጥ የግመል መንጋ፣ በበጋ የሚፈነዳ ጎማ፣ በክረምት የሚሞላ ወንዝ፣ እነዚህ ሁሉ የመንገዱ ነዋሪዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ሰመራ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለችና፣ አደጋ የደረሰበትን መኪና አስጎትቶ ወደ ታላላቆቹ ጋራዦች ማድረስ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ሕጉ ከባለመኪናው ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ጥፋት ባይኖርበትም፣ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። ኃላፊነቱ እንዲህ የከበደ ሆኖ ሳለ፣ ባለመኪና ሁሉ ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ የሚያስገድደው ሕግ የወጣው ገና በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። በኢትዮጵያ የመድን ሥራ በአቢሲኒያ ባንክ ወኪልነት የተጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ መሆኑ ሲታሰብ መዘግየቱ የሚያስገርም ነው። በ1967 ዓ.ም. 13 የግል ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በኋላም የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በምትካቸው ቆመ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀዱ፤ ከመጀመሪያዎቹም አንዱ የዚህኑ ወንዝ ስም ይዞ ተነሣ። ስለዚህ ዛሬ ባለመኪናው የሚያማርጣቸው ድርጅቶች ብዙ ናቸው።

አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን መድን ሌላውን ሰው የሚጠብቅ እንጂ ባለመኪናውን የሚክስ አይደለም። በመኪናው የተገጨው እግረኛ፣ የፈረሰው አጥር፣ የሞተው ከብት በዚህ መድን ይካሳሉ። የባለመኪናው የራሱ መኪና ግን አይጠገንበትም፤ ሾፌሩም አይታከምበትም። ከዚህም ሌላ ካሳው ወሰን አለው። አዋጅ ቁጥር 799 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ከፍተኛ ካሳ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100,000 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሰኑ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ከፍ ብሏል። ከፍ ይበል እንጂ ወሰን መሆኑ አልቀረም። ፍርድ ቤት ከወሰኑ በላይ ቢፈርድ ትርፉን የሚከፍለው ባለመኪናው ነው። አንድ ተሳቢ ከነጭነቱ ቢገለበጥና ጥፋቱ የቤት መኪናው ሾፌር ነው ቢባል፣ የሚጠየቀው ገንዘብ የአንድን ደመወዝተኛ የዕድሜ ልክ ቁጠባ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከአስገዳጁ ወሰን በላይ የሆነ የሦስተኛ ወገን ሽፋን በተጨማሪ አረቦን መጠየቅ፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም።

ብዙ አዲስ ባለመኪናዎች «ገጪው ያሠራልኛል» ብለው በአስገዳጁ መድን ብቻ ይቆማሉ። ይህ ተስፋ ሕጉን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል እንዳደረጉ ይገምታል፤ ጥፋቱ የአንደኛው መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጉዳቱን ጠቅላላ ዋጋ እኩል ይካፈላሉ። ለምሳሌ የቤት መኪናው ጉዳት 500,000 ብር፣ የተሳቢው ጉዳት 300,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 800,000 ብር ነው፤ የእያንዳንዱም ድርሻ 400,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ የግማሽ ሚሊዮን ብር ጉዳት የደረሰበት የቤት መኪና ባለቤት ከዚያኛው ወገን የሚያገኘው 100,000 ብር ብቻ ነው። በሌሊት፣ ምስክር በሌለበት በረሃ ላይ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ይፍረድ።

እንግዲህ ሙሉ ዋስትና የተባለውን ውል የመግባት አቅም ያለው ሰው ቢገባው ይመረጣል። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነማ ምርጫም የለውም፤ አበዳሪው ባንክ ራሱ ያስገድደዋል። ሆኖም «ሙሉ» የሚለው ቃል አሳሳች ነው። ሙሉ ዋስትና ግጭትን፣ መገልበጥን፣ ቃጠሎንና ስርቆትን ይሸፍናል፤ የማይሸፍናቸውም ነገሮች በውሉ ውስጥ ተዘርዝረው ይገኛሉ። ሰዎች ግን ይህን ዝርዝር የሚያነቡት አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው።

ከዝርዝሩ ውስጥ በተለይ ሦስት ነገሮች የአዋሽን ሸለቆ ሰው ይመለከታሉ። አንደኛው የተፈጥሮ አደጋ ነው። በተለመዱት ውሎች የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የእሳተ ገሞራና የጎርፍ ጉዳት በልዩ ስምምነት ካልተጨመረ በቀር ከሽፋኑ ውጭ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ የካቲት በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መሬት ሰንጥቆ ሕዝብ እንዳፈናቀለ፣ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያም አዋሽ ከአፉ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሰው እንዳፈናቀለ የሚያስታውስ ሰው፣ ይህን ተጨማሪ ሽፋን ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም። ሁለተኛው የጸጥታ ጉዳይ ነው። ጦርነት፣ ሁከትና ዝርፊያ በመሠረታዊው ውል አይካተቱም። ለሽፍታና ለወንበዴ ጉዳት በኢንሹራንስ ቢሮዎች «ቢ.ኤስ.ጂ.» እየተባለ የሚጠራ ተጨማሪ ሽፋን አለ፤ ይህም ከጥንት ጀምሮ በአገሪቱ መንገዶች ጠባይ የተነሣ የተፈጠረ ነው። ጦርነት ግን ከዚህም ውጭ ነው። ሦስተኛው የሙቀቱ ጉዳይ ነው። ሰመራ ላይ በ40 ዲግሪና ከዚያም በላይ በሆነ ሙቀት የተቃጠለ ሞተር፣ ወይም ብቻውን የፈነዳ ጎማ የመድን ጉዳይ አይደለም። የመካኒክ ብልሽትና የዕቃ እርጅና ስለሆነ ባለመኪናው ራሱ ይሸከመዋል። ጎማው ፈንድቶ መኪናው ቢገለበጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ብዙ ሰው የሚጎዳው በመኪናው ዋጋ አመዘጋገብ ነው። አረቦን የሚሰላው በተመዘገበው ዋጋ ላይ ስለሆነ አረቦንን ለማሳነስ ቀላሉ መንገድ ዋጋውን ማሳነስ ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ግን የንብረት መድን ካሳ እንጂ ትርፍ አለመሆኑን ሲደነግግ፣ ከዋጋው በታች የተመዘገበ ንብረት ባለቤት ለጎደለው ክፍል የራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጥረዋል። 3,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,500,000 ብር ቢመዘገብና 400,000 ብር የሚያስወጣ ጉዳት ቢደርስበት፣ ድርጅቱ የሚከፍለው ግማሹን 200,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰስ ይቀነሳል። ለስሌቱ ያህል አረቦኑ ከመቶ 2 ብር ነው ቢባል፣ ባለመኪናው በዓመት ያተረፈው 30,000 ብር ሲሆን በአንድ ቀን የከሰረው 200,000 ብር ነው። መኪናው ጨርሶ ቢጠፋ ደግሞ ከ1,500,000 ብር የበለጠ አያገኝም።

ይህ የሚደርሰው ሆን ብሎ ዋጋ በሚያሳንስ ሰው ላይ ብቻ ቢሆን ባላሳዘነም። ነገር ግን በቅንነት የመዘገበውንም ያገኘዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ በእጅጉ ወርዶ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ ንሯል። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ የአሮጌውንም መኪና ዋጋ አንሮታል። ከዚያ በፊት የተመዘገበውን ዋጋ ሳያስተካክል በየዓመቱ ውሉን የሚያድስ ሰው፣ ሳያውቀው ከዋጋ በታች መድን ገቢ ሆኗል። ስለሆነም ውል በሚታደስበት ጊዜ ሁሉ የመኪናውን የወቅቱን የገበያ ዋጋ አጣርቶ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ከዋጋው በላይ ማስመዝገብም አይጠቅምም፤ ካሳው አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከሚያወጣው ዋጋ አይበልጥምና። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ደግሞ ባትሪው በተመዘገበው ዋጋ ውስጥ መካተቱን፣ ቢጎዳም በምን ዓይነት ግምት እንደሚካስ በጽሑፍ ይጠይቅ። የዚህ ዓይነቱ መኪና ዋጋ ትልቁ ክፍል ባትሪው ነው።

ታዲያ አረቦኑ ከአቅም በላይ ቢሆን ከምኑ ላይ ይቀነስ? ባለመኪናው ራሱ ሊችለው ከሚችለው ላይ ነው። ኤክሰስ የሚባለው በእያንዳንዱ አደጋ መድን ገቢው ከኪሱ የሚከፍለው የመጀመሪያው ድርሻ ነው፤ ይህን ድርሻ በፈቃዱ ከፍ የሚያደርግ ሰው ድርጅቱ ከተስማማ የአረቦን ቅናሽ ያገኛል። የተሰበረ የጎን መስተዋት ወይም የተጫረ በር ከደመወዝ ላይ ይሠራል፤ ያልተከፈለ የሞት ካሳና የወደመ መኪና ግን ከደመወዝ አይሠራም። እንዲሁም ዓመቱን ሙሉ የካሳ ጥያቄ ያላቀረበ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ቅናሽ ይሰጠዋል፤ ጥቃቅኑን ጉዳት ራሱ ማሠራቱ ይህን ቅናሽ ያቆይለታል። በሌላ በኩል ለግል መገልገያ ብሎ በርካሽ አስመዝግቦ በገበያ ቀን ከሎጊያ ሰው በኪራይ መጫን፣ ወይም ፈቃዱ የማይመጥን ዘመድን ማስነዳት ቁጠባ አይደለም። አደጋ ቢደርስ ድርጅቱ ለራሱ ለመኪናው ጉዳት የማይከፍልበት በቂ ምክንያት ያገኛል። ለመድን ድርጅት እውነቱን አለመናገር ውሉን እስከ ማፍረስ እንደሚያደርስ ሕጉ በግልጽ ይናገራል።

አሁን ወደ ግመሉ እንመለስ። በመድን ውል ዓይን ግመል ንብረት ነው፤ ካሳውም ከሦስተኛ ወገን የንብረት ወሰን ውስጥ ይታሰባል። በአፋር ሕዝብ ዓይን ግን ግመል የቤተሰብ ሀብት፣ የወተትና የጉዞ መሠረት፣ በክፉ ቀንም መተማመኛ ነው። ሰው የሞተበት ወይም የቆሰለበት ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ከሀብት አልፎ የጎሣ ይሆናል። አፋሮች ማድዓ የሚሉት ባህላዊ ሕግ አላቸው፤ በዚህ ሕግ መሠረት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጉዳቱን ይመዝናሉ፣ ካሳ ይቆርጣሉ፣ ዕርቅ ያወርዳሉ። አደጋ ያደረሰ ሰው፣ ያውም ከሌላ አገር መጥቶ በሰመራ ወይም በአዋሽ የሚሠራ መምህር፣ ሐኪም ወይም መሐንዲስ፣ በዚያ መንገድ ነገም ተነገ ወዲያም የሚመላለስ ስለሆነ ይህን ዕርቅ ንቆ ሊኖር አይችልም፤ ሊንቀውም አይገባም። ማድዓ ደም ያደርቃል፤ የመድን ውል ግን ይህን ለማድረግ አልተጻፈም።

ችግሩ የሚፈጠረው ሁለቱ ሥርዐቶች ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ነው። በተለመዱት የመድን ውሎች ውስጥ መድን ገቢው ያለ ድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ ጥፋተኛ ነኝ እንዳይል፣ ካሳም እንዳይከፍል ወይም እከፍላለሁ ብሎ እንዳይስማማ የሚከለክል አንቀጽ አለ። ባለመኪናው በድንጋጤና በይሉኝታ በግራር ጥላ ሥር ተቀምጦ በሽማግሌ ፊት ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል። ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ይዞ ወደ ድርጅቱ ሲሄድ፣ «ሳያማክሩን ተስማምተዋል» ይባላል። ከዚያ በኋላ ቃሉን ቢያጥፍ ከሕዝቡ ይጣላል፤ ቃሉን ቢጠብቅ ገንዘቡ ከራሱ ኪስ ይወጣል። ድርጅቱ አንቀጹን ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሌላ ሰው ገንዘብ እየከፈለ የሚስማማ ሰው ለጋስ መሆኑ አይቀርምና። ሆኖም በዋና መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ አንቀጽ፣ ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ወር ቢፈጅ፣ በሚሌ መንገድ ላይ ሊፈጸም የማይችል ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ ሸለቆ የሚኖር ሰው ድርጅት ሲመርጥ ከአረቦኑ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት የቅርብ ቅርንጫፉ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ነው። የካሳ ጉዳይ የሚወሰነው ሰመራ ላይ ነው ወይስ አዲስ አበባ? በሽማግሌ ለሚያልቅ ጉዳይ ቅርንጫፉ ፈቃድ መስጠት ይችላልን? ጉዳት ገማች የሚመጣው ከየት ነው፣ በስንት ቀን? የማስጎተቻ ወጪ እስከ ምን ድረስ ይከፈላል? ጥገናው የሚሠራው በድርጅቱ ጋራዥ ነው ወይስ በመድን ገቢው ምርጫ? ለአሮጌ ዕቃ የእርጅና ተቀናሽ ይታሰባልን? በጥቂት መቶ ብር የረከሰ ድርጅት እነዚህን ጥያቄዎች በቃል ብቻ የሚመልስ ከሆነ ርካሽነቱ ይጠርጠር። አብረው ለሚሳፈሩ ቤተሰብና ባልደረቦችም የተሳፋሪዎች የግል አደጋ ሽፋን በአነስተኛ ጭማሪ ስለሚገኝ ቢታሰብበት መልካም ነው። ከጋላፊ አልፎ ወደ ጅቡቲ ለሚሻገር ደግሞ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ያስፈልጋል። ቢጫ ካርድ በዚያ አገር በሌላ ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት እንጂ ለራስ መኪና እንደማያገለግል ግን ይታወቅ፤ ለራስ መኪና የውሉ የአገር ክልል እንዲሰፋ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

አደጋ በደረሰ ቀን የሚደረገው ሁሉ ከወዲሁ ቢታወቅ ይበጃል። የቆሰለውን ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ለሟች ቤተሰብ ሐዘንን መግለጽና ለቅሶ መድረስ ጥፋትን ማመን አይደለም፤ በውሉም አይከለከልም። ቀጥሎ ለትራፊክ ፖሊስ ማስታወቅ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የምስክሮችን ስም መጻፍ ይገባል። በአፋር ዳጉ የሚባለው የወሬ መቀባበያ ባህል አደጋውን በሰዓታት ውስጥ ለሩቅ መንደር ያደርሰዋል፤ የመድን ድርጅቱ ግን ዳጉ ስለሌለው በስልክና በጽሑፍ በዚያው ዕለት ቢነገረው ይሻላል። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በአክብሮት ተቀብሎ መኪናው መድን ያለው መሆኑን፣ ካሳውን የሚከፍለው ድርጅት ሳይሰማ መቁረጥ እንደማይቻል መግለጽና ቀን እንዲሰጡት መለመን ያስፈልጋል። የአገሩን ቋንቋና ወግ የሚያውቅ የታመነ ሰው በመካከል ቢገባ ነገሩ ይቀላል። በዚያው ቀን ለቅርንጫፉ በሚጻፈው ደብዳቤ የጉዳቱ ዓይነት፣ የቀረበው የዕርቅ ሐሳብና ሽማግሌዎቹ የሰጡት ቀጠሮ ይገለጻል፤ ከቀጠሮው በፊትም መልስ እንዲሰጥ ይጠየቃል። የደብዳቤው ግልባጭ ተቀባዩ ፈርሞበት ከባለመኪናው ዘንድ ይቀራል።